የማዘጋጃ ቤቱ እብነ በረድ፦ ከጥር እስከ ሚያዝያ የያዝኩት የሥራ ማስታወሻ

ጥር 6፣ 2011 ሰኞ

ጀመርን። መንገድ ላይ የሚያገኘኝ ሁሉ «ያ ድንጋይ ምን ደረሰ» እያለ ስለሚያስቆመኝ እዚህ እየጻፍኩ ብሄድ ይቀለኛል ብዬ ነው። ለማያውቅ ሰው ባጭሩ፣ ከተማችን ከቡሬ ወደ ደብረ ማርቆስ በሚወስደው አስፋልት ላይ ካሉት ትንንሾቹ አንዷ ናት፣ አሮጌ ማዘጋጃ ቤት አለቻት። ፊቱ ጥርብ ጥቁር ድንጋይ፣ ጓሮው ጭቃ፣ ክዳኑ ቆርቆሮ፣ የበረንዳው ምሰሶ ጽድ፣ በሩ ዋንዛ። መስታወታም ፎቅ ከተሰራ በኋላ ቢሮው ወደዛ ሄደና ይሄኛው የድሮ ፋይል መከመሪያ ሆኖ ቀረ። ከበሩ በላይ አራት ማዕዘን ልስን ነበረ፣ ለምን እንደተለሰነ ማንም ጠይቆ አያውቅም፣ እኔም ልጅ ሆኜ የቆጣሪ ቦታ ይመስለኝ ነበር። አምና ክረምት ልስኑ ተቦድሶ ሲወድቅ ከስሩ ነጭ እብነ በረድ፣ እብነ በረዱ ላይ ደግሞ ፊደል ወጣ።

ከዛ እንደምታውቁት ኮሚቴ ተቋቋመ። እኔ ቴክኒክና ሙያ ግንበኝነት ስለማስተምር «አንተ ትሰራዋለህ» ተባለ፣ ሶስት ተማሪዎች ይዤ ገባሁ። በአዋጅ 209/1992 ቅርስ ላይ ያለ ፈቃድ ጥገና መስራት አይቻልም፣ ይሄን ስነግራቸው «ለአንድ ድንጋይ?» ብለው ሳቁብኝ፣ ግን ደብዳቤው ኅዳር ላይ ተጽፎ መልሱ በታኅሣሥ መጨረሻ መጣ፣ አሁን ከነማህተሙ ኪሴ ውስጥ ነው።

ጥር 7

ዛሬ ምንም አልነካንም። ፎቶ ማንሳትና መለካት ብቻ። እብነ በረዱ 70 በ45 ሳንቲ፣ በጠርዙ በኩል ሲታይ ውፍረቱ 3 ሳንቲ ገደማ። አስልተነው ወደ 25 ኪሎ ይመጣል፣ ይሄን ያሰላሁት ሲወርድ ስንት ሰው እንደሚያስፈልግ ለማወቅ ነው። በአራቱም ማዕዘን ብረት ቡሎን አለው፣ አራቱም ዝገዋል። ከስር በቀኝ ያለው ማዕዘን ተሰንጥቆ አንድ ቁራጭ ወድቋል።

ስንለካ የተሰበሰበው ሰው በሙሉ «ጣሊያን የሰራው ነው» ይላል። እኛ ሀገር ድንጋይ በድንጋይ ላይ ቀጥ ብሎ ከቆመ ጣሊያን ሰራው ነው መቼም። ጣሊያን ጎጃም ውስጥ የቆየው እኮ አምስት አመት እንኳ አይሞላም፣ ያንንም ሲዋጋ ነው የከረመው፣ ደግሞ ሲሰራ ብዙ ጊዜ አመቱን በሮማን ቁጥር ከነፋሽስት ዘመኑ (ፋሽስቶች ሥልጣን ከያዙበት ጀምሮ የሚቆጠረው) ነበር የሚጽፈው። እዚህ የምናየው ግን የግእዝ ቁጥር ነው። ይሄን ሳስረዳ አንድ ሰውዬ «እሱማ አስተርጓሚ ይኖረዋል» አለኝ። እሺ።

አንድ ሽማግሌ ግንበኛ ከቀትር በኋላ መጥተው ዝም ብለው ቆመው ሲያዩን ዋሉ። የከተማውን ግማሽ የገነቡ ናቸው፣ ስማቸውን አልጽፍም፣ ሁላችንም አያ ነው የምንላቸው። «አያ፣ ያግዙናል?» ስላቸው «ከጥምቀት በኋላ» ብለው ሄዱ።

ጥር 15

ጥምቀት አለፈ፣ ተማሪዎቹም ድምጻቸው ዘግቶ ተመለሱ፣ ከታቦቱ ጋር ሲጨፍሩ ከርመው።

የባሕር ዛፍ ስካፎልድ አቁመን የቀረውን ልስን ማንሳት ጀመርን። መሮ ይዞ የመጣውን ልጅ መልሼዋለሁ። እንጨት ብቻ፣ የተሳለ ወይራ፣ ከዛ የጥርስ ብሩሽ። ሰው ግን ከስር ሆኖ መፍትሄ ያዘንባል፣ አንዱ ሎሚ፣ አንዱ አቸቶ፣ አንዱ በረኪና፣ አንዱማ የባትሪ አሲድ። በአፍ ብነግራቸው ስለማይሰሙ ከወደቀው ልስን ውስጥ ያገኘኋትን የእብነ በረድ ፍቅፋቂ በረንዳው ላይ አስቀምጬ ሎሚ ጨመኩባት። እየተንጨረጨረች አረፋ አወጣች። እብነ በረድ ማለት የኖራ ድንጋይ ዘር ነው፣ አሲድ ይበላዋል፣ ሎሚ «ያጸዳዋል» የሚባለው ላዩን ስለሚልጠው ነው። ከዛ በኋላ ሎሚ የሚል ጠፋ።

እኛ የምንጠቀመው የባትሪ ውሃ ነው፣ ማለት አሲዱን ሳይሆን ነዳጅ ማደያ የሚሸጠውን ንጹህ ውሃ፣ ጨው ስለሌለበት። ጥጥ ነክሮ ፊደሉ ላይ ማስቀመጥ፣ መጠበቅ፣ መቦረሽ፣ ደግሞ ጥጥ። በቀን ሁለት መስመር ከሄድን ጎበዞች ነን።

ጥር 17

ይሄን መጻፍ ይገባኝ እንደሆነ አላውቅም ነበር፣ ግን አያ እራሳቸው «ጻፈው፣ ምን አለበት፣ አርጅቻለሁ» ብለዋል።

ልስኑ በጣም በቀላሉ እየተነሳ ነው። ከምጣድ ላይ እንጀራ እንደሚነሳ፣ ዳር ዳሩን ስትነካው ሙሉው ይላቀቃል፣ ፊደሎቹ ውስጥ እንኳ ብዙ አልያዘም። ሲሚንቶ ልስን እንዲህ አይሆንም፣ ሲሚንቶ እብነ በረድ ላይ ከያዘ ስታነሳው ፊደሉን ይዞት ነው የሚሄደው። እኔም ለተማሪዎቹ «ይሄን የለሰነው ሰው ማልታ ማቡካት አይችልም ነበር» ብዬ በማስተማር ላይ ሳለሁ አያ ከኋላዬ «እችል ነበር» አሉ።

የለሰኑት እሳቸው ናቸው። 1967 መጨረሻ ወይ 68 ላይ፣ ንጉሡ ከወረዱ በኋላ፣ ያኔ ገና ጎረምሳ ነበሩ። ታዘዙ፣ የንጉሡ ስም ያለበት ነገር ሁሉ ይጥፋ ተብሎ። የመጣው ሰውዬ መጀመሪያ በመዶሻ ይፈረካከስ ነው ያለው፣ አያ ደግሞ ስካፎልድ ላይ ወጥቶ መዶሻ መሰንዘሩን ፈርተው «ብንለስነው ይሻላል፣ ያምራልም» አሉ። እሺ ተባለ፣ አንድ ጆንያ ሲሚንቶ ወጣላቸው። ሲሚንቶውን ቤታቸው ወሰዱት። የጓዳቸው ወለል ዛሬም ድረስ አለ፣ ሄጄ አይቼዋለሁ፣ ጥሩ ወለል ነው። እብነ በረዱን የለሰኑት በአፈርና በጭድ ነው፣ ላዩ ላይ ብቻ ግራጫ እንዲመስል ስስ የሲሚንቶ ውሃ ቀቡት።

ተማሪዎቹ ሳቅ በሳቅ። አንደኛው «ስለዚህ ቅርሱን ያዳኑት እርስዎ ነዎት» ቢላቸው «አይ፣ እኔ ያዳንኩት ሲሚንቶውን ነው» አሉ። እኔ ግን ትንሽ ፈዝዤ ቀረሁ፣ ምክንያቱም ኮሚቴው ሊያሳትመው ባዘጋጀው ወረቀት ላይ «የከተማው ህዝብ በጥበብ ሸሽጎ ያቆየው» የሚል አለ።

ጥር 22

ጽሁፉ ሙሉ በሙሉ ወጣ። አምስት መስመር ነው። የመጀመሪያው «ሞዓ አንበሳ ዘእምነገደ ይሁዳ» የሚለው የታወቀው ነው፣ ቀጥሎ የንጉሡ ስም፣ ከዛ «ይህ ማዘጋጃ ቤት» ብሎ እንደተሰራና እንደተመረቀ ይናገራል፣ መጨረሻው ላይ አመቱ። ፊደሉ በመሮ እንደ ሸለቆ ተቆፍሮ ጥቁር ቀለም የተሞላ ነው፣ ቀለሙ አሁን በየቦታው ነው ያለው።

ከቤተ ክርስቲያን መርጌታን ጠርቼ ነበር፣ እንደሚያውቁት ጎጃም ውስጥ ፊደል ያለበት ነገር ያለ መርጌታ አይነበብም። መነጽራቸውን አደረጉ፣ ስካፎልዱ ላይ ወጡ፣ ገና ሁለተኛው መስመር ላይ ሲደርሱ «ውይ» አሉ። ምን ሆነ አልኳቸው። «ሃይለ ሥላሴ» ይላል፣ በሀሌታው ሃ። ብዙኃኑ ኃ ነው መሆን የነበረበት። «ሥላሴን በንጉሡ ሠ በደንብ ጽፎ የንጉሡን ስም ሳተው» ብለው ሳቁ፣ እዛው ስካፎልዱ ላይ ቁጭ ብለው አንድ ነገር በግእዝ ተናገሩ፣ ግማሹ አልገባኝም፣ ሰሙ ስለ ፊደል ነው ወርቁ ስለ ሹመት መሰለኝ።

አመቱ ጋ ስንደርስ ችግር። ፲፱፻፵ ድረስ ጥርት ያለ ነው። ቀጥሎ ያለው አሀድ ግን የተሰነጠቀው ማዕዘን ጋ ስለሆነ አብዛኛው ሄዷል። ስለዚህ ቤቱ በ1941 እና በ1949 መካከል ነው የተመረቀው፣ ከዛ በላይ ዛሬ ማለት አንችልም። (ባዶ ቢሆን ኖሮ 1940 ይሆን ነበር፣ ግእዝ ዜሮ የለውም፣ ግን የተቆረጠ ቁጥር ጠርዝ ይታያል።) ጣሊያን የሚለው ወሬ ቢያንስ እዚህ ላይ ያበቃል፣ ጣሊያን በ1933 ወጥቷል። ከተሞች በህግ ማዘጋጃ ቤት እንዲኖራቸው የወጣው አዋጅ ቁጥር 74 ደግሞ የ1937 ነው፣ ስለዚህ በ40ዎቹ ውስጥ አንድ ትንሽ ከተማ ተነስታ ድንጋይ አስጠርባ ማዘጋጃ ብትሰራ ነገሩ ይገጥማል።

ጥር 28፣ ማታ

መብራት ሲጠፋ ጠብቄ ወጣሁ፣ እኛ ጋ ለዚህ ብዙ መጠበቅ አያስፈልግም። ዘዴው ቀላል ነው፣ ባትሪውን ከፊት ሳይሆን ከጎን፣ ከድንጋዩ ጋ ሊነካካ እስኪደርስ አስጠግታችሁ ስታበሩ ትንሿ ጭረት ጥላ ትጥላለች። ቀን ላይ ለስላሳ የሚመስለው ቦታ ሁሉ ማታ ተራራና ሸለቆ ነው። መስመር ለመያዝ ጠራቢው በስሱ የጫራት ሰረዝ እንኳ ታየችን፣ እስከ ዛሬ አለች።

የጠፋው ቁጥር ጋ ያገኘነው ይሄ ነው፣ ከላይ ያለው ሰረዝ ግማሹ፣ እና ከታች የታጠፈች ጭራ። በቃ። ፎቶውን ለመርጌታ ሳሳያቸው ወዲያው «፮ ወይ ፯» (6 ወይ 7) አሉ። የግእዝ ቁጥር ከግሪክ ፊደል የመጣ ስለሆነ ቅርጹ ከእኛ ፊደል ጋ አይሄድም፣ ፮ እና ፯ን የቆሎ ተማሪም ይቀያይራቸዋል፣ ሁለቱም ጭራ አላቸው። ፰ (8) እንዲህ አይታጠፍም አሉ። እሳቸው ወደ ፯ ያደላሉ፣ ዐሠርቱ ወተስዓቱ ምእት ወአርብዓ ወሰብዓቱ፣ ጮክ ብለው ሲያነቡት ያምራል። እኔም ፯ ይመስለኛል፣ ጭራዋ ሰፋ ስላለች። ግን መምሰልና መሆን ይለያያል።

የካቲት 4

የኮሚቴ ስብሰባ። ሶስት ሰዓት ፈጀ፣ ሻይም አልነበረም።

አንድ አባል (የተማረ ሰው ነው፣ አልናቅኩትም) አመቱ ፲፱፻፵፰ ነው ብሎ ድርቅ አለ። ምክንያቱ መጥፎ አይደለም፣ ንጉሡ ዘውድ የጫኑት ጥቅምት 23፣ 1923 ነው፣ 25ኛ አመቱ የብር ኢዮቤልዩ በ1948 በመላው ሀገሪቱ ሲከበር ያ አመት የምረቃ አመት ነበር፣ እዚህም እዚያም ድንጋይ ተተክሏል። «ስለዚህ ፰ እንቅረጽበትና ይለቅ፣ ታሪክም ይኖረዋል» ነው ያለው። እዛው ላይ ሌላው «ከተነካ አይቀር ሃይለ የሚለውንም እናርመው፣ ልጆች ስህተት ያነባሉ» አለ።

ሁለቱንም እምቢ አልኩ። እኔ የታሪክ ሰው አይደለሁም፣ ግንበኛ ነኝ፣ ግን አንድ ነገር አውቃለሁ፣ ድንጋይ ላይ የተቆረጠ አይመለስም። ፰ ብዬ ብቀርጽ ከሃያ አመት በኋላ የሚመጣው ሰው የኔን መሮ ከመጀመሪያው ጠራቢ መሮ አይለየውም፣ «ይኸው ድንጋዩ ላይ አለ» ይላል፣ በቃ የኛ ግምት እውነት ሆኖ ይቀራል። ሃ የምትለዋም የሰውዬው ናት፣ ምናልባት የቄስ ትምህርት ቤቱን አቋርጦ መሮ የያዘ ነው፣ ያቋረጠባት ፊደል እሷ ነች፣ ለምን እናጠፋበታለን። ደብዳቤውንም ከኪሴ አወጣሁ፣ ጥገና ይላል እንጂ እርማት አይልም። ማህተም ሲያዩ ትንሽ ረገብ አሉ። መጨረሻ ላይ «የጎደለው ይጉደል፣ ስለ አመቱ ግን ከስር በትንሽ ሰሌዳ ይጻፍ» በሚል ተስማማን። የ፰ ሰውዬ ግን አኩርፎ ነው የወጣው።

የካቲት 16

ዛሬ አወረድነው። አራት ሰው፣ ገመድ፣ ከስር ሁለት ፍራሽ (አንዱ የኔ ነው፣ ባለቤቴ እስካሁን አላወቀችም)።

ቡሎኖቹን ስንቆርጥ ነው የማዕዘኑ ነገር የገባኝ። ከተማው ሙሉ «ደርግ በመዶሻ መታው» እያለ ነው የኖረው። አያን ጠየቅኳቸው፣ «ማንም አልመታውም፣ ስለስነው ደህና ነበር» አሉ። እውነታቸውን ነው። ብረት ሲዝግ ያብጣል፣ ዝገቱ ከብረቱ ብዙ እጥፍ ቦታ ይፈልጋል፣ ቀዳዳው ውስጥ ቦታ ሲያጣ ድንጋዩን ከውስጥ ገፍቶ ይሰነጥቀዋል። ልስኑ ደግሞ ዝናብ ጠጥቶ እርጥበቱን እዛው ይዞት ነው የኖረው። በቀኝ በኩል የቆርቆሮው አሸንዳ ስለሚያፈስ በቀኝ ያለው ቡሎን ከሁሉም የባሰ ነው፣ ቁጥሯም በሱ ጎን ነበረች። ወድቃ ተጠርጋ ሄደች። እግራችን ስር ያለውን አፈር በወንፊት ነፍተናል፣ አላገኘናትም።

ስንገለብጠው ደግሞ ሌላ ነገር። ጀርባው ላይም ተጽፏል። «ሞዓ አንበሳ ዘእም» ካለ በኋላ ቦታ አልቆበታል፣ ፊደሉን አስፍቶ ስለጀመረ። አንድ መስመር ላይ ስላልገባለት ትቶት፣ ድንጋዩን ገልብጦ በፊተኛው ገጽ ጠበብ አድርጎ እንደገና ጀምሯል። ተማሪዎቼ ቦርድ ላይ ሲጽፉ በየቀኑ የማየው ነገር እኮ ነው፣ መጨረሻ ላይ ፊደል እያነሰ እያነሰ ወደ ታች የሚንሸራተተው። ፎቶ አንስተናል፣ በካርቦን ወረቀትም ገልብጠናል፣ ድንጋዩ ከተሰቀለ በኋላ ማንም አያየውም።

የካቲት 30

ጾም ገብቷል፣ ስራው ቀዝቀዝ ብሏል፣ ግን ግድግዳው ላይ ነን።

ከአስር አመት በፊት ይሆናል አንድ ሰው ይሄን ግድግዳ «አድሶት» በድንጋዮቹ መሀል ያለውን ሁሉ በሲሚንቶ ሞልቶታል። ቆንጆ ይመስላል። ውስጡ ግን ጭቃ ነው፣ ጭቃ ግድግዳ ይተነፍሳል፣ ከመሬት የሳበውን እርጥበት በድንጋዮቹ መጋጠሚያ በኩል ያስወጣል፣ መውጫው በሲሚንቶ ሲደፈን እርጥበቱ ውስጥ ይቀርና ጭቃው ይላላል። አንድ ቦታ ሲሚንቶውን ስናነሳ ከውስጥ ጭቃው እንደ ሹሮ ሆኖ ፈሰሰ። ስለዚህ ሲሚንቶውን በቀጭን መሮ ቀስ እያልን አውጥተን በኖራ መመለስ ነው።

ኖራ ሲባል ብዙ ተማሪ የሚያውቀው ቀለሙን ብቻ ነው። ደጀን ቁልቁለቱን ወደ ዓባይ ስትወርዱ የምታዩት ነጣ ያለው ገደል የኖራ ድንጋይ ነው፣ ከላዩ ያለው ጥቁሩ ደግሞ እኛ የምንገነባበት። ነጩን 900 ዲግሪ ገደማ ስታቃጥለው ኖራ ይሆናል፣ ውሃ ስታገኘው ይፈላል (በቀልድ አይደለም፣ ባልዲ ያቀልጣል)፣ ከዛ ግድግዳ ላይ ሆኖ ከአየር የተቃጠለ ጊዜ የለቀቀውን መልሶ እየሳበ ቀስ ብሎ ድንጋይ ይሆናል። ሲሚንቶ በሳምንት ያደነድናል፣ ኖራ ወራት ይፈልጋል፣ ትእግስት ለሌለው አይሆንም። የጎንደር ግንብ የቆመው በዚህ ነው፣ ሞጣ አጠገብ ያለው ሰባራ ድልድይም።

አያ ሰባራ ድልድይ ሲባል ሰሙና «እሱ በእንቁላል ነው የተሰራው፣ ማልታው ውስጥ እንቁላል ጨምር» አሉኝ። ሁሉም ሰው የሚለው ነው። አያስፈልግም አልኳቸው። «ጾም ነው፣ ረክሷል እኮ» አሉ፣ እውነትም ሰሞኑን ገበያ ላይ የሚገዛው ጠፍቷል። ግን ስሙን አስቡት፣ የማዘጋጃው በጀት ላይ «እንቁላል» ብዬ ስጠይቅ።

መጋቢት 18

አንድ ኖራ፣ ሶስት የታጠበ የወንዝ አሸዋ። ኖራው ሶስት ሳምንት ውሃ ስር ተኝቶ እንደ ቅቤ ሆኗል፣ ካዞላ (የግንበኛ ማንኪያ) ላይ ይለጠፋል። ፊቱን ጨርሰናል ማለት ይቻላል። የተሞላውን በእርጥብ ጆንያ ሸፍነን ጠዋትና ማታ ውሃ እንረጫለን፣ በዚህ ጸሀይ ቶሎ ከደረቀ ዱቄት ነው የሚሆነው።

አንድ ተማሪ መነጽሩን አውልቆ ኖራ አይኑ ገባ። ወዲያው ብዙ ውሃ አፍስሰን ጤና ጣቢያ ወሰድነው፣ ደህና ነው፣ ግን እኔ ቀኑን ሙሉ እጄ ሲንቀጠቀጥ ዋለ። ጥፋቱ የኔ ነው፣ መነጽሩን ያወለቀው ላብ ስላስቸገረው ነበር፣ አይቼው ነበር፣ ዝም አልኩ። ከነገ ጀምሮ መነጽር የሌለው ስካፎልዱ ስር እንኳ አይቆምም።

ሚያዝያ 5

አዲስ ጉድ። ኮሚቴው ለምርቃቱ ብሎ ግራናይት አሰርቷል፣ አዲስ አበባ፣ በማሽን የተጻፈ፣ ወርቃማ ፊደል። ስንት የሆነ እንደሆነ ገምቱ፣ 1 ሜትር ከ20 በ80! ከአሮጌው እጥፍ በላይ። ላዩ ላይ አሁን ያሉት ኃላፊዎች ስም ከነማዕረጋቸው፣ ገንዘብ ያዋጡ ሰዎች ስም፣ ከስር በትንሹ «የታደሰበት»። እና ይሄን ከአሮጌው ጎን ግድግዳው ላይ ስድስት ቦታ በድሪል በስተን እንድንሰቅለው።

እዚህ ጋ ትንሽ ተናደድኩ። የአዲስ አበባውን ማዘጋጃ ተመልከቱ፣ በ1950ዎቹ ያን ሁሉ ህንጻ የነደፈው አርቱሮ ሜዜዲሚ ነው፣ ስንቱ ሰው ስሙን ያውቃል? እኛ አንድ በር ላይ ያለ ድንጋይ አጠብን ብለን ከበሩ የሚበልጥ ስም እንለጥፋለን። ደግሞ ግድግዳው ጭቃ ልቡ ነው፣ ያን ክብደት አይሸከምም፣ ይሄ ለመከራከሪያ ጠቀመኝ፣ ምክንያቱም ስለ ይሉኝታ ማውራት አያዋጣም ስለ ክብደት ማውራት ግን ያዋጣል። ቱንቢ ጥዬ ግድግዳው ወደ ውጭ 4 ሳንቲ ማጋደሉን አሳየኋቸው። ግራናይቱ የአጥሩ በር ላይ በሲሚንቶ ተተክሎ ይቁም ተባለ። ይቁም። መኪና ሲገባ ይታያል።

ሚያዝያ 16

አራቱን ብረት በኢስቴንለስ (በማይዝግ ብረት) ቀይረናል፣ ከደብረ ማርቆስ ነው ያገኘነው፣ ማግኔት ይዤ ሄጄ ነው የገዛሁት፣ ሻጩ ተቀየመኝ። የተሰነጠቀውን ማዕዘን ያለውን ቁራጭ በጥቂት ኢፖክሲ አያይዘን፣ የጠፋውን ቦታ ደግሞ በኖራና በእብነ በረድ ዱቄት ሞላነው፣ ከፊቱ 2 ሚሊ ዝቅ አድርገን፣ ከሩቅ አንድ ይመስላል፣ ቀረብ ብሎ ያየ ግን መሙያ መሆኑን ያውቃል። ቁጥር አልተጻፈበትም።

ቀለሙን አልቀባነውም። «ጥቁር ቀለም ሙሉበት፣ እንዲነበብ» ያለው ብዙ ነው። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ጸሀይዋ በጎን ስትመታው እኮ ጥርት ብሎ ይነበባል፣ ጠዋት ይምጡ።

ሚያዝያ 23

ፋሲካ አለፈ፣ ድንጋዩ ዛሬ ወደ ቦታው ተመለሰ። አያ እራሳቸው ናቸው የመጨረሻዋን ማልታ ያስገቡት፣ ልጆቹ ካዞላውን ሲሰጧቸው መጀመሪያ እምቢ ብለው ነበር፣ ከዛ ተቀበሉ። «አሁን ሲሚንቶ የለበትም አይደል?» ብለው ጠየቁኝ። የለበትም አልኳቸው። «ታዲያ ምን ይወስዱለታል» ብለው ሳቁ።

ከስሩ የገባችው ትንሿ ሰሌዳ 30 በ12 ነች፣ ናስ፣ ጽሁፉን እኔና መርጌታ ነን ያረቀቅነው። እንዲህ ትላለች፦ «የዚህ ድንጋይ የመጨረሻ ቁጥር በዝገት ተሰብሮ ጠፍቷል። የቀረው ምልክት ፲፱፻፵፮ ወይም ፲፱፻፵፯ ተብሎ ይነበባል። በ፲፱፻፷ዎቹ ማብቂያ በጭቃ ተለስኖ ነበር። በ፳፻፲፩ ተገለጠ።» የ፰ ሰውዬ መጥቶ አነበበው፣ ለረጅም ጊዜ ቆመ፣ ምንም ሳይል ሄደ። «በጥበብ ሸሽጎ» የሚለው ወረቀትም ሳይታተም ቀረ፣ እኔ አይደለሁም፣ ማተሚያ ቤቱ ጋ ብር አልተከፈለም።

ሚያዝያ 27

የአርበኞች ቀን። አበባ ተቀመጠ፣ አርበኛ አባቶች የልጅ ልጆቻቸውን ተደግፈው መጡ፣ ንግግር ነበር። ንጉሡ በ1933 በኦሜድላ ገብተው በዚሁ በኛ መንገድ መጋቢት 28 ደብረ ማርቆስ መግባታቸውን፣ ሚያዝያ 27 አዲስ አበባ መድረሳቸውን አንዱ ተናጋሪ በደንብ አስረዳ። ከዛ ሰው ሁሉ በሰልፍ በማዘጋጃው በር አለፈ። ግማሹ ሰው ቀና ብሎ አየ፣ ግማሹ ግራናይቱ ጋ ፎቶ ተነሳ። አንዲት ሶስተኛ ክፍል የምትሆን ልጅ አባቷን «ይሄ ስንት ነው?» ስትለው «የድሮ ቁጥር ነው» አላት። መርጌታ ከጎን ሆነው ቀስ ብለው ጎንበስ አሉና ከ፩ ጀመሩላት።

ሚያዝያ 30

ትናንት ማታ የመጀመሪያው ከባድ ዝናብ ዘነበ፣ በረዶም ነበረበት። አንድ ሰዓት ላይ ባትሪ ይዤ ሮጥኩ። ግድግዳው ጠጥቷል፣ እንደሚጠጣ የታወቀ ነው፣ ዛሬ ጠዋት አራት ሰዓት ሲሆን ግን እጄን ሳሳርፍበት ላዩ ደርቋል፣ ድሮ በሲሚንቶው ጊዜ ሶስት ቀን ነበር እርጥብ ሆኖ የሚቆየው። ኖራው አልታጠበም፣ በስተግራ አንድ ሁለት ቦታ ፀጉር የምታህል ስንጥቅ አለች፣ ቶሎ የደረቀበት ነው፣ በእርጥብ ብሩሽ እንዘጋታለን።

የቀኙ አሸንዳ ግን አሁንም ያንጠባጥባል፣ ልክ በድሮው ቦታ፣ ከአዲሱ ኢስቴንለስ አንድ ስንዝር ራቅ ብሎ። ኮሚቴው በጀቱ አልቋል ብሏል። ቆርቆሮ ቤት ሄጄ ሁለት ሜትር አሸንዳና አንድ ክርን አዝዣለሁ፣ ቅዳሜ ይደርሳል፣ መሰላል ያለው ሰው ካለ ቅዳሜ ከሰዓት እዛው ነኝ።